የመንገደኛ ማረፊያ፦ የጄኔራል ሆራሺዮ ጌትስ ቤትና ሕይወት

ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ነገር እንድጽፍ ኮሚቴው ባዘዘኝ ጊዜ ምን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሥራ ዘመኔንም የጨረስኩት አገር ቤት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስከፍትና ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። ነገር ግን በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ስንኖር የአገሩን ታሪክ ሳናውቀው በአጠገቡ እናልፋለን። ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢኬድ፣ ዌስት ቨርጂኒያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከርኒስቪል ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። የቤቱ ስም በእኛ ቋንቋ ሲመለስ የመንገደኛ ማረፊያ ማለት ነው። ያቋቋመው ጄኔራል ሆራሺዮ ጌትስ ይባላል፤ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። የዚህን ሰው ታሪክ ለእድር መጽሔት ለምን እንደመረጥኩት መጨረሻው ላይ እናገራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጌትስ የተወለደው በ1720ዎቹ መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝ አገር ነው። የትልቅ ሰው ልጅ አልነበረም። እናቱ የሊድስ መስፍን ተብሎ በሚጠራ ባለጸጋ መኳንንት ቤት ውስጥ የቤት አስተዳዳሪ ነበረች። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መኮንን ለመሆን ማዕረጉ በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ ዘመድና ገንዘብ የሌለው ሰው ጀግና ቢሆን እንኳ ባለበት ይቀራል። ልጁ ግን እናቱ ባገለገለችበት ቤት በኩል ደጋፊ አገኘና ወደ ጦሩ ገባ። ሆኖም ግን የአሽከር ልጅ መሆኑ ዕድሜ ልኩን ከኋላው ሲከተለው ኖረ። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ መሰላሉን የሚይዝለት ከሌለ ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ በካናዳ ምድር፣ ሃሊፋክስ በሚባለው ከተማ አገለገለ። እዚያም በ1754 ኤልሳቤጥ ፊሊፕስ የምትባል ሴት አገባ፤ ሮበርት የሚባል አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። በ1755 እንግሊዞች ከፈረንሳዮችና ከአገሩ ተወላጆች ጋር ሲዋጉ፣ ጄኔራል ብራዶክ በሚባል አዛዥ ሥር ወደ ዱር አገር ዘመተ። ሐምሌ 9 ቀን 1755 ሞኖንጋሂላ በሚባለው ወንዝ አጠገብ፣ ማለት ዛሬ ፒትስበርግ ባለችበት አካባቢ፣ ሠራዊቱ ክፉኛ ተመታ። ከግማሽ በላይ የሆነው ሞተ ወይም ቆሰለ፤ ብራዶክም በቁስሉ ሞተ። ጌትስ ደረቱ ላይ በጥይት ተመትቶ ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ቀን በዚያው ጦር ውስጥ ወጣቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነበረ፤ ቻርልስ ሊና አዳም ስቲፈን የሚባሉ ሁለት መኮንኖችም ነበሩ። እነዚህን ሁለት ስሞች አንባቢ ያዝልኝ፤ ወደፊት እንመለስባቸዋለን።

ጌትስ ከዚያ በኋላም ብዙ አገለገለና እስከ ሻለቃ ማዕረግ ደረሰ። ከዚያ በላይ ግን በሩ አልከፈት አለው። በ1769 ማዕረጉን ሸጦ ከጦሩ ወጣ፤ በ1772 ሚስቱንና ልጁን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ ቨርጂኒያ መጣ። በ1773 ከ600 ኤከር የሚበልጥ መሬት ገዛ፤ በእኛ የድሮ አለካክ ስድስት ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ከአካባቢው በወጣ የኖራ ድንጋይ የተሠራውን፣ ዝቅ ያለውንና ግድግዳው ወፍራም የሆነውን ቤት አቋቋመና የመንገደኛ ማረፊያ ብሎ ሰየመው። ያኔ አገሩ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። ብዙ የተንከራተተ ሰው ነውና እዚያ ገበሬ ሆኖ ሊያርፍ አሰበ። አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም፤ መሬቱን ያርሱለት የነበሩት እንደ ሌሎቹ የቨርጂኒያ ባለርስቶች ሁሉ ባሮች ነበሩ።

ዕረፍቱ ሁለት ዓመት ብቻ ሆነ። በ1775 ቅኝ ግዛቶቹ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ተነሡ። ጌትስ ፈረሱን ጭኖ ወደ ዋሽንግተን ቤት ወደ ማውንት ቨርነን ሄደና ከእናንተ ጋር እቆማለሁ አለ። ኮንግረሱ በሰኔ ወር 1775 የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጥቶ የሠራዊቱ አጁታንት ጄኔራል አደረገው፤ የመጀመሪያውም እሱ ነው። ይህ ሹመት ምን እንደሆነ እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ በደንብ ይገባኛል። ወታደሩ ስንት ነው፣ ማን ታመመ፣ ማን ጠፋ፣ የትኛው ክፍል ምን ትእዛዝ ደረሰው፣ ይህን ሁሉ በጽሑፍ የሚይዘው እሱ ነው። ያን ጊዜ የተሰበሰበው ጦር ከየመንደሩ ጠመንጃውን አንግቶ የመጣ፣ ሲሻው የሚገባ ሲሻው የሚወጣ ነበር። ጌትስ ስም ዝርዝር አስይዞ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ሰልፍ አስተምሮ የጦር መልክ ሰጠው። በጦርነት ታሪክ ውስጥ ጸሐፊን የሚያመሰግን የለም እንጂ፣ ያለ መዝገብ ሠራዊትም ሆነ እድር አይቆምም።

ጌትስ በ1776 ሜጀር ጄኔራል ሆነ። በ1777 በጋ ጄኔራል በርጎይን የሚባል የእንግሊዝ አዛዥ ከካናዳ ተነሥቶ አገሩን ለሁለት ሊቆርጥ ወደ ኒው ዮርክ ወረደ። ኮንግረሱ በነሐሴ ወር ሌላውን አዛዥ ጄኔራል ስካይለርን ሽሮ የሰሜኑን ጦር ለጌትስ ሰጠው። ጌትስ ጥንቁቅ ሰው ነበርና ሮጦ አልገጠመም። ኮሽቹሽኮ የሚባለው የፖላንድ ተወላጅ መሐንዲስ በመረጠው ከፍታ ላይ ምሽግ አሠርቶ ጠበቀ። መስከረም 19 እና ጥቅምት 7 ቀን 1777 ሁለት ብርቱ ውጊያ ተደረገ። በውጊያው ቦታ ጎልተው የታዩት ዳንኤል ሞርጋንና ቤኔዲክት አርኖልድ ነበሩ፤ ከአርኖልድ ጋር ጌትስ ክፉኛ ተጣልቶ ስለነበር ድሉ የማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ያም ሆነ ይህ፣ በርጎይን ስንቁ አልቆበት፣ መውጫም አጥቶ ጥቅምት 17 ቀን 1777 ሳራቶጋ ላይ እጁን ሰጠ። ከእሱ ጋር የተማረከው ወደ 5,800 ሰው ነበር። ይህ ድል ፈረንሳይ በየካቲት 1778 ከአሜሪካ ጋር ቃል ኪዳን እንድትገባ ስላደረጋት የጦርነቱን መልክ ለወጠው።

በዋሽንግተን ከተማ በኮንግረሱ ሕንፃ፣ ከትልቁ ጉልላት ሥር፣ ጆን ትረምቡል የሳለው የዚህ ቀን ሥዕል ተሰቅሏል። በርጎይን ጎራዴውን ሲያቀርብ ጌትስ ጎራዴውን በመቀበል ፈንታ እጁን ዘርግቶ እንግዳውን ወደ ድንኳኑ ይጋብዛል። የተሸነፈን ጠላት አለማዋረድ ትልቅ ነገር ነው። ያቺ ቀን የጌትስ ትልቋ ቀን ነበረች። ኮንግረሱም የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

መቼም ሰው ከፍ ሲል ራሱ ይዞራል። ጌትስ የድሉን ወሬ ለአለቃው ለዋሽንግተን መላክ ሲገባው አልፎ በቀጥታ ለኮንግረሱ ላከው። በዚያው ክረምት ዋሽንግተን ፊላደልፊያን አስወስዶ፣ ወታደሩ በቫሊ ፎርጅ እየተራበና እየበረደው ስለነበር፣ አንዳንድ ሰዎች በዋሽንግተን ፈንታ ጌትስ ይሻለናል እያሉ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ኮንዌይ የሚባል ጄኔራል ዋሽንግተንን የሚነቅፍ ደብዳቤ ለጌትስ ጻፈ። የጌትስ የራሱ ረዳት መኮንን ግን መጠጥ ላይ ሆኖ የደብዳቤውን ነገር አወጣው፤ ወሬውም ዋሽንግተን ጆሮ ገባ። ጌትስ መጀመሪያ ደብዳቤዬን ማን ሰረቀኝ ብሎ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል የነበረው የድሮ ወዳጅነት ተቀዘቀዘ። በዚህ ነገር ጌትስ ምን ያህል እጁ ነበረበት የሚለውን የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ የሚታየኝ ግን ውዳሴን ሲሰማ ዝም ማለቱ ጎዳው።

አሁን ወደ ክፉው ቀን እንሂድ። በግንቦት 1780 እንግሊዞች በደቡብ የምትገኘውን ቻርልስተን ከተማ ከነሠራዊቷ ያዙ። ጌትስ በዚያን ጊዜ በድንጋይ ቤቱ ነበረ። ኮንግረሱ በሰኔ ወር ዋሽንግተንን ሳያማክር የደቡቡን ጦር እንዲመራ ሾመው። ጌትስም ከቤቱ ተነሥቶ ወረደ። ሲደርስ ያገኘው የተራበና የደከመ ጦር ነው። የአካባቢውን መኮንኖች ምክር ትቶ፣ እህል በሌለበት በአጭሩ መንገድ ካምደን ወደምትባለው ከተማ ገሰገሰ። ወታደሩ በመንገድ ላይ ያልበሰለ በቆሎና ጥሬ ፍራፍሬ እየበላ ታመመ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ከውጊያው በፊት በነበረው ምሽት ጌትስ የጦሩን ቁጥር 7,000 ገደማ አድርጎ ገምቶ ነበር። ኦቶ ዊልያምስ የሚባለው ረዳቱ ከየክፍሉ አዛዥ ዝርዝር ሰብስቦ ሲደምረው ለውጊያ ብቁ የሆነው 3,052 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጌትስ ግን ለጉዳያችን ይበቃል ብሎ ዕቅዱን ሳይለውጥ ቀረ። የአሜሪካን ጦር መዝገብ የጀመረው ሰው በመጨረሻ መዝገቡን ሳያዳምጥ ቀረ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። በዚያ ላይ በዚያው ምሽት ለወታደሩ ሞላሰስና የበቆሎ ዱቄት ታድሎ ስለነበር ብዙው ሰው ሌሊቱን በተቅማጥ ሲሰቃይ አደረ።

ነሐሴ 16 ቀን 1780 ጎሕ ሲቀድ የእንግሊዙ አዛዥ ኮርንዋሊስ 2,200 ያህል የሠለጠነ ጦር ይዞ ገጠማቸው። ጌትስ ልምድ የሌለውን ሚሊሺያ በግራ በኩል፣ በጠላት ምርጥ ጦር ፊት አቁሞት ነበር። ሚሊሺያው ሳንጃ ሲያይ መሣሪያውን እየጣለ ሸሸ። በቀኝ በኩል የነበረው ባሮን ደ ካልብ የተባለው ጄኔራል ግን እስከ መጨረሻው ቆሞ ተዋጋና 11 ቦታ ቆስሎ ተማረከ፤ በሦስተኛው ቀንም ሞተ። ጌትስ በሚሸሸው ሕዝብ ተገፍቶ ከጦር ሜዳው ወጣ። መውጣቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። እስከ ማታ 60 ማይል ያህል ርቆ ሻርለት ገባ፤ ከሦስት ቀን ተኩል በኋላ ደግሞ 180 ማይል ያህል ርቃ በምትገኘው በሂልስቦሮ ተገኘ። ጦሩን እንደገና ለማሰባሰብ የተሻለው ቦታ ያ ነው ብሎ እንደሄደ አስረድቷል። ሰሚ ግን አላገኘም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ትናንት ያወደሰው አፍ ሁሉ በሽማግሌው የፈረስ ግልቢያ ይስቅበት ጀመር። ከሁሉ የባሰ የተሳለቀበት የዋሽንግተን ረዳት የነበረው ወጣቱ አሌክሳንደር ሃሚልተን ነው።

በጥቅምት 1780 ኮንግረሱ ሥራው በምርመራ እንዲታይ አዘዘ፤ በቦታውም ሌላ ሰው እንዲተካ ተወሰነ። በዚያው በጥቅምት ወር ደግሞ አንድያ ልጁ ሮበርት በ22 ዓመቱ ሞተ። አባላት ሆይ፣ ይህን አስቡት። ስሙ ጠፍቶ፣ ሥልጣኑ ተገፎ፣ በዚያ ላይ ልጁን መቅበር ቀርቶ በሰው አገር መርዶ ሲሰማ። እኛ ሰው መርዶ ሲደርሰው ለብቻው እንዳይሆን ብለን ነው እድር ያቋቋምነው።

ደግነቱ ጥሩ ሰው ከምድር አይጠፋም። ሊተካው የመጣው ጄኔራል ናትናኤል ግሪን በታኅሣሥ 1780 ሻርለት ላይ ሲረከበው በአክብሮትና በሐዘኔታ ተቀበለው እንጂ አላዋረደውም። ጌትስ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሪችመንድ ሲያልፍም የቨርጂኒያ ምክር ቤት፣ በአንድ መጥፎ ዕድል የቀድሞ ውለታው እንደማይፋቅ የሚገልጽ ውሳኔ አሳልፎ አጽናናው። ምርመራው ሳይደረግ ቀረ፤ በ1782 ኮንግረሱ ትእዛዙን ሻረው። ጌትስም ተመልሶ በዋሽንግተን ሥር አገለገለ። በ1783 ግን ሚስቱ ኤልሳቤጥ ሞተች። ጦርነቱ ሲያልቅ የተመለሰው ባዶ ወደሆነው የድንጋይ ቤት ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳቸው ሁለት ስሞች ልመለስ። በዚያው አውራጃ፣ ከጌትስ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ጄኔራል ቻርልስ ሊና ጄኔራል አዳም ስቲፈንም የኖራ ድንጋይ ቤት ነበራቸው። ስቲፈን በ1777 ከጀርመንታውን ውጊያ በኋላ ሰክረህ ነበር ተብሎ ከጦሩ ተባረረ። ሊ ደግሞ በ1778 በሞንመዝ ውጊያ ያለ ትእዛዝ አፈገፈግህ ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ተቀጣ፤ በ1782 ሞተ። እንግዲህ በ1755 በአንድ ቀን እሳት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች፣ ከ25 ዓመት በኋላ በሦስት የድንጋይ ቤቶች ውስጥ የተሻሩ ጄኔራሎች ሆነው ጎረቤት ሆኑ። ስቲፈን ግን ተሽሮ አልተቀመጠም፤ ማርቲንስበርግ የምትባለውን ከተማ የቆረቆረ እሱ ነው፤ ቤቱም ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል።

ጌትስ በ1786 ሜሪ ቫላንስ የምትባል ባለሀብት ሴት አገባ። በ1790 የመንገደኛ ማረፊያን ሸጠ። ሲሸጥ ባሮቹን ሁሉ ነጻ አወጣ እየተባለ ይወራል። የሽያጩ ውል የሚለው ግን ሌላ ነው፤ እነሱንም ለገዢው ሸጧል። ነገር ግን ከፊሎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የቀሩት ደግሞ 28 ዓመት ሲሞላቸው ነጻ እንዲወጡ በውሉ ላይ አስገብቷል። በዚያን ዘመን ይህን ያህል እንኳ የሚያደርግ ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ስለ ነጻነት ደሙን ላፈሰሰ ሰው በቂ ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። ውሉ በጽሑፍ ባይቀመጥ ኖሮ ተረቱን እውነት ነው ብለን እንቀር ነበር።

ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ሮዝ ሂል በሚባል ርስት ተቀመጠ። በ1800 የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠና አንድ ጊዜ አገለገለ። ሚያዝያ 10 ቀን 1806 ሞተ፤ በዎል ስትሪት በሚገኘው በትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። መቃብሩ ግን ከግቢው ውስጥ የትኛው ላይ እንደሆነ አይታወቅም። በግልቢያው የሳቀበት ሃሚልተን እዚያው ግቢ በ1804 ተቀብሯል፤ በእሱ ላይ የቆመውን ትልቅ ሐውልት ግን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የመረጥኩበት ምክንያት ይኸው ነው። የመንገደኛ ማረፊያ በ1972 በአገር ደረጃ በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ድንጋዩ አለ። ጌትስ ያረፈበት አፈር ግን ጠፍቷል። ሰውየው ሳራቶጋ ላይ እንዳወደሱት ያህል ትልቅ አልነበረም፤ ካምደን ላይ እንዳዋረዱትም ያህል ትንሽ አልነበረም። ሰውን በአንድ ቀን መመዘን ደግ አይደለም። ከመካከላችን ሥራው የተበላሸበት፣ ስሙ የጎደፈ፣ ከሰው የራቀ አባል ቢኖር፣ የእድራችን ደንብ ለሐዘኑ ቀን ይለየው አይልም። ሁላችንም እንደ ግሪን ሆነን ብንቀበለው ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የጸሐፊ ነገር ነው። በሰው አገር ነን፤ ልጆቻችን ይበተናሉ፣ ቋንቋውንም ይረሳሉ። አንዱ አገር ቤት ይሄዳል፣ አንዱ እዚሁ ያርፋል። ስለዚህ ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ላለፈ አባል የመቃብሩን ስፍራ፣ ረድፉንና ቁጥሩን የሚይዝ አንድ መዝገብ እንዲከፍት በትሕትና አሳስባለሁ። መዝገቡን እጄ እስከሠራ ድረስ እኔ እጽፈዋለሁ። ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእኛም ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።